ሁለት ስንዝር ለወገብ፣ ሦስት ስንዝር ለጉልበት

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የአራት መኪና የውስጥ ፎቶ ደርድሮ «የቱ ይመቻል?» ብሎ ለጠፈ። ቆዳ ወንበር፣ የትሪ ያህል ስክሪን፣ ማታ ሰማያዊ የሚያበራ በር። ከሥሩ ያለውን ክርክር አንብቡትማ፣ የአገር ድንበር የሚካለል ነው የሚመስለው። አንዱ ጃፓን ይላል፣ አንዱ ቻይና ይላል። ከአሜሪካ የሚጽፈው ደግሞ «የኔ ወንበር በክረምት መቀመጫ ያሞቃል» ብሎ ፎቶ ጨምሯል። (ደስ ይበልህ ልጄ፤ የኛ መቀመጫ የሚሞቀው በጎረቤት ነው።) መጨረሻ ላይ «ቲቸር የት ጠፉ? እርስዎ ምን ይላሉ?» ብላችሁ እኔን ጎተታችሁኝ።

እሺ፣ እላለሁ። ኮመንት ላይ የሚበቃ ስላልሆነ እዚሁ ገጼ ላይ ነው የምለው። የሚከፋው ካለ ይከፋው።

«የቱ መኪና ይመቻል?» የገዢ ጥያቄ ነው። ኩታበር ላይ መኪና የምንገዛ በጣት የምንቆጠር ነን፤ መኪና የምንሳፈር ግን ሁላችንም ነን። ለገዢ ምቾት ማለት ማርክና ሞዴል ነው። ለተሳፋሪ ግን ማርኩ ጃፓን ሆነ ቻይና ጉልበቱን አያድነውም። የኛን ምቾት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እዚያ ወንበር ላይ ስንት ሰው ተጭኗል፣ ማንስ የት እንዲቀመጥ ተደርጓል። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ በዚህ አገር የሚለካ የለም። ነዳጅ በሊትር ይቀዳል፣ እህል በኪሎ ይመዘናል፣ ታሪፍ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ወንበር ብቻ «ጠጋ በሉ!» በሚል መለኪያ ይሸጣል።

በምናውቀው እንጀምር። ሚኒባስ የምንለው ቶዮታ ሃይስ እና የቤት መኪና የምንለው ቪትዝ፣ የቱ ይሰፋል? ሁላችሁም «ሃይስ ነዋ!» ትላላችሁ። ጠባቡ ሃይስና እንደ ፈረንጅ ከ2005 ጀምሮ የተሠራው ቪትዝ የጎን ስፋታቸው እኩል ነው። ሁለቱም 1.695 ሜትር ናቸው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በጃፓን ሕግ አነስተኛ በሚባለው የመኪና መደብ ለመቆየት ስፋቱ ከ1.7 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ማለፍ የለበትም። ቶዮታ ሁለቱንም እዚያው ገመድ ውስጥ ነው የሰፋቸው። ቪትዝ ውስጥ ከኋላ ሦስት አዋቂ ሲቀመጥ «ጠበበን፣ መስኮት ክፈቱ» እንላለን። በዚያው ስፋት ሃይስ ውስጥ አራት ሰው ሲደረደር ግን ማንንም አይገርመው። ጣራው ከፍ ስላለ ሰፊ ይመስለናል። ዓይናችን ቁመቱን ያያል፣ ስፋቱን የሚከፍለው ትከሻችን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፣ ያው ሥራዬ ነው። የበሩና የጎኑ ውፍረት ሲቀነስ የጠባቡ ሃይስ የውስጥ ስፋት 1.5 ሜትር ያህል ነው። ለሦስት ሰው፣ መተላለፊያውን ጨምሮ፣ ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ረዳቱ መሃል ላይ ጣውላ ወይም ዱካ አግብቶ አራተኛ ሰው ሲያስቀምጥ 37.5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአዋቂ ወንድ ትከሻ ብዙውን ጊዜ ከ45 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ይሄም ጋቢና ካፖርት ሳይደረብበት ነው፣ ኩታበር ላይ ደግሞ ሳይደረብ አይወጣም። ስለዚህ አራት ትከሻ በአንድ ረድፍ ሊገባ አይችልም። የምናደርገውን ታውቃላችሁ፦ አንዱ ወደ ፊት ይወጣል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ተፈራርቀን እንሄዳለን። ወደ ፊት የወጣው ሰው ጀርባው ምንም ሳይነካ ነው ደሴ የሚገባው።

ገንዘቡስ? ለሒሳብ እንዲመች ታሪፉን 100 ብር በሉት። ለሦስት ሲሆን 100 ብር ከፍዬ 50 ሳንቲ ሜትር አገኛለሁ፣ ሳንቲ ሜትሩ 2 ብር። ለአራት ሲሆን ያንኑ 100 ብር ከፍዬ 37.5 አገኛለሁ፣ ሳንቲ ሜትሩ 2 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ። ታሪፍ በወረቀት ሳይጨመር በአንድ ሦስተኛ ተጨመረብኝ ማለት ነው። ባለመኪናው ከዚያ ረድፍ 300 ይሰበስብ የነበረውን 400 ሰበሰበ። ነዳጅ ሲጨምር ስብሰባ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ሬዲዮ አለ። ይሄኛው ጭማሪ ግን በየቀኑ፣ በየመናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው በር ወጣ ብሎ ደግሞ ይበልጡን፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ ይፈጸማል።

ቶዮታ ራሱ ስለ ስንት ሰው እንዳሰበ ማየት ትፈልጋላችሁ? ኮሚዩተር የሚባለው ረጅሙና ሰፊው ሃይስ አለ፤ 5.38 ሜትር ርዝመት፣ 1.88 ሜትር ስፋት። ጃፓን ውስጥ ሾፌሩን ጨምሮ 14 ሰው ነው የሚይዘው። እኛ ከእሱ በርዝመትም በስፋትም የሚያንሰውን ይዘን 14 ላይ ስንደርስ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል።

አባዱላ የሚባሉት ዘመናዊዎቹ ሃይሶች ሲመጡ ነገሩ የተሻሻለ መስሎን ነበር። መኪናው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ወንበር በብሎን የሚታሰር ነገር ነው፤ ረድፉን አንድ ጋት ወደ ፊት፣ አንድ ጋት ወደ ኋላ ገፍተህ መሃሉ ላይ ሌላ ረድፍ ታስገባለህ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሚጭነው ሰው ብዛት ነው፣ በወንበርና በወንበር መካከል ያለው ርቀት አይደለም። ትራፊክ ፖሊስም ጭንቅላት ነው የሚቆጥረው። የትራፊክ ደንቡ ትርፍ መጫንን ይቀጣል፣ ጥሩ ነው። ጉልበቴ የፊተኛው ወንበር ብረት ላይ ተሰክቶ ብሄድ ግን ቁጥሩ እስከሞላ ድረስ ሕጋዊ ነኝ።

ወደ ቅጥቅጥ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

ቅጥቅጥ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ከሥር ያለው ባሌስትራ ሁሉ የተሠራው ለበርካታ ቶን ዕቃ ነው። አገር ውስጥ ላሜራ ተቀጥቅጦ ገላ ይለበስለታል፣ የብረት ወንበር ይበየድለታል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። የሠሩትን ባለሙያዎች አልነቅፍም። አውቶቡስ ባልነበረበት ቀበሌ ሰው በእግሩ ከመሄድ የዳነው በእነሱ መዶሻ ነው። ነገር ግን ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ላይ ትንሽ ክብደት ስትጭኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ከባድ ስትጭኑ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። የሰው ገላ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ በጣም የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚመላለስ ንዝረት ነው። ለእህል የተሠራ ባሌስትራ ላይ ሰው ሲቀመጥ ወደዚያ ይጠጋል። ጠጠር መንገድ ላይ አንጀት የሚንጠን፣ ጥርስ የሚያፋጨን ለዚህ ነው።

እና ረዳቱ «ሲሞላ ይመቻል» ሲላችሁ እየቀለደ እንዳይመስላችሁ። ፊዚክሱ ከሱ ጋር ነው! መኪናው በሞላ ቁጥር ባሌስትራው ይለሰልሳል። ችግሩ ለባሌስትራው የተመቸው በኔ ጉልበት ወጪ መሆኑ ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን ወንበሩ ይሰፋና መንገዱ ይገድልሃል፣ ሲሞላ መንገዱ ይለሰልስና ወንበሩ ይገድልሃል። ለሰው የተሠራ መኪና ይህን ምርጫ አያስመርጥህም። ኮስተርን ተመልከቱ፤ ስፋቱ 2.08 ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ከመነሻው ሰው ይቀመጥበታል ተብሎ የታሰበ ስለሆነ ግማሹ ባዶ ሆኖ እንኳ አይዘልም።

ሌላም አለ። በቅጥቅጥ ገላው ከኋላ ጎማ አልፎ ብዙ ይወጣል። ከጎማው ኋላ የተቀመጠ ሰው በዘንግ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ጎማው አንድ ጋት ሲዘል እሱ ከዚያ በላይ ይዘላል። በሃይስም የመጨረሻው ረድፍ የኋላ ጎማው ላይ ነው ያለው። ሰላም ያለው በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ነው። የሚያስታውክ ሰው ደግሞ ወደ ፊት አሻግሮ መንገዱን ማየት አለበት፤ ዓይኑ የሚያየውና ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ሲጣላበት ነው ሆዱ የሚገለበጠው። ሎሚ ማሽተቱ ደግ ነው፣ ጋቢና መቀመጥ ግን ይበልጣል።

እስቲ ማን ጋቢና እንደሚቀመጥ ንገሩኝ? ማንስ ከኋላ?

የኋላውን ወንበር ተመልከቱ። ልጅ ያዘለች እናት፣ ከታመመ ሰው ጋር ያለች እህት፣ ዶሮ ይዛ ገበያ የምትወርድ አሮጊት፣ መንገድ ላይ እጅ አሳይቶ የተሳፈረ ገበሬ። ጋቢናው ከትናንት ጀምሮ በስልክ ተይዟል። የሾፌሩ ወዳጅ ነው፣ ወይ ከአንዱ ቢሮ የመጣ ሰው ነው፣ ወይ ረዳቱ ዓይኑን የጣለባት ቆንጆ ናት። በጣም የሚያስፈልገው ሰው በጣም የሚናጠው ቦታ ላይ፣ ምንም ያልሆነው ሰው በጣም የተመቸው ቦታ ላይ። ዋጋው እኩል ነው።

አንድ ቀን ማታ ከደሴ ወደ ኩታበር ስንመለስ ቦሩ ሜዳ ላይ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ቆመው አገኘናቸው። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ታክመው መውጣታቸው ነው። ቦሩ ሜዳ መሃል መንገድ ስለሆነ እዚያ የሚሳፈር ሁሌም የሚደርሰው የተረፈው ነው። የተረፈው ደግሞ በሁለት ወንበር መሃል የተጋደመች ጣውላ ናት፣ ድጋፍ የላት፣ መያዣ የላት። ረዳቱ «እማማ፣ ቅርብ ነው እኮ፣ ቻል ያድርጉት» አላቸው። አንድ ልጅ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና እሱ ጣውላው ላይ ሆነ፣ እግዚሃር ይስጠው። ረዳቱ ከሁለቱም ሙሉ ታሪፍ ተቀበለ። «ለጣውላዋም ነው የምከፍለው?» ብሎ ልጁ ቢጠይቅ «ሳር አይደለም የምንቀዳው» አለው። መኪናው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ቅርብ ነው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ኩታበር ለደሴ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅርብ ነው፣ ቻሉት ይባላል። ከደሴ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርጋችሁ መካነ ሰላም ስትሄዱ ደግሞ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ነዳጁ ብዙ ነው፣ ትርፍ ካልጫንን አያዋጣም» ይባላል። ሲቀርብ ስለቀረበ፣ ሲርቅ ስለራቀ! የሚመች ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አንድ ሰው ይንገረኝ፣ እዚያ ላይ ቤት እሠራለሁ።

እግርን ደግሞ አትርሱ። የመቀመጫ ምቾት ስንል ሁሉም ስፖንጁን በጣቱ ይጫናል። ስፖንጁ ትንሹ ነገር ነው። ወንበር ሥር ጆንያ ይገባል፣ ጀሪካን ይገባል፣ የብረት ድስት ይገባል። እግር የሚያርፍበት ወለል በጆንያው ቁመት ልክ ከፍ ይላል፣ ጉልበት ወደ አገጭ ይወጣል። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ የገላ ክብደት በሙሉ መቀመጫህ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ጭንህ ወንበሩን አይነካም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግርህ ይደነዝዛል። ስትወርድ ሁለት እርምጃ እንደ ሰከረ የምትሄደው ለዚህ ነው። የቀድሞ ሰዎች በቅሎ ላይ ሲቀመጡ እርካቡን በእግራቸው ልክ ያሳጥሩና ያስረዝሙ ነበር፤ ኮርቻ የሚሠራውም የበቅሎዋን ጀርባ ዓይቶ ነው። ለበቅሎዋ ጀርባ የተደረገውን ነው እኔ ዛሬ ለሰው ጀርባ የምለምነው።

አሁን መልስ የሚሰጡኝን አውቃለሁ፤ አስቀድሜ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያው «ይሄ ባህላችን ነው ቲቸር፣ መተዛዘናችን ነው፣ ወሎ እኮ ነው፣ ሼሁና ቄሱ ባንድ ዱካ ተቃቅፈው ሲሄዱ አያምርም?» ይላል። ያምራል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ሰባት ሆነን ተጨናንቀን ተቀምጠናል፣ አንድም ቀን አማርሬ አላውቅም። እዚያ ግን ማንም ትኬት አልቆረጠብኝም። መተዛዘን እኔ የራሴን ቦታ ለሌላ ስለቅ ነው። ባለመኪናው ለኔ የሸጠውን ቦታ ዞሮ ለሌላ ሲሸጥ ዝም ማለቴ በየትኛው ባህል ነው መተዛዘን የሚባለው? «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ጠጋ በሉ» የሚለው ረዳት ተረቱን የሚያውቀው ለኔ ብቻ ነው፤ ለራሱ ሒሳብ ሲቀበል አንድ ብር አይተዛዘንም።

ሁለተኛው «እኛ ኢትዮጵያውያን ቀጫጮች ነን፣ የፈረንጅ ልክ ለምን ይጠቀስብናል» ይላል። ትከሻና ወገብ ይከሳል፣ እሺ። የጭን አጥንት ግን አይከሳም። ረጃጅም ልጆቻችን ከወንበር ወንበር መካከል ሲታጠፉ አላየህም?

ሦስተኛው ባለመኪናው ነው፣ እሱን በቀልድ አላልፈውም። ጎማ ውድ ነው፣ መለዋወጫ ውድ ነው፣ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ማደር አለ፣ በየመንገዱ የሚከፈለው አለ፣ ሰላም የጠፋበት ጊዜ ደግሞ መኪና ማቆምም መንዳትም ኪሳራ ነው። እውነት ነው። ግን ይሄ የታሪፍ ጥያቄ ነው፣ በታሪፍ ይጠየቅ። በግልጽ «ሦስት ሰው ጭኜ ይህን ያህል ያስፈልገኛል» ይበል፣ እኛም ከፍለን በልካችን እንቀመጥ፣ ያልቻለ ይቃወም፣ ይከራከር። ይህ እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ መኪኖች የመጫን አቅማቸውን ግማሽ ብቻ እንዲይዙ ታዘዘ፣ ታሪፉም ከፍ እንዲል ተፈቀደ። ኪስ ተጎዳ፣ ብዙ ሰው ተቸገረ፣ ያንን ወደነበረበት መልሱ አልልም። ያስተማረን ግን አንድ ነገር አለ፦ መንግሥት ሲፈልግ የባዶ ወንበርን ዋጋ ማውጣት ይችላል። በሽታ ሲያስፈራ መለካት የሚቻል ቦታ፣ ወገብና ጉልበት ሲሆን ለምን አይለካም?

ትልልቅ አውቶቡሶችም አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ ታሪፋቸው ይለያያል። አዲስ አበባ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ ከውጭ 2.5 ሜትር ነው። ሁለት በሁለት ሆኖ መሃሉ መተላለፊያ ሲኖረው ለአንድ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር በደንብ ይወጣል። ሦስት በሁለት ሲሆን አምስተኛው ሰው የሚገባው ከአራቱ ተቆርጦ ነው፣ መተላለፊያውም በጎን ካልሆነ አያስኬድም፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በዚያ ላይ ነው። ጣርማ በር ላይ ስትደርሱ ከጎናችሁ ያለው ሰው እንቅልፍ ወስዶት ትከሻችሁ የሱ ትራስ ሆኗል። ተሳፋሪው የሚያየው ግን «ደረጃ 2» የሚል ቃል ነው። ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚያገኝ ትኬቱ አይነግረውም። ሥጋ ቤት ገብቼ «ደረጃ ሁለት ስጠኝ» ብል ሚዛን አላይም እንዴ?

ስለ ቪ8 ምን ልበል። ብዙዎቻችሁ ፎቶው ሥር «ህልሜ» ብላችሁ ጽፋችኋል። ስፋቱ 1.98 ሜትር ነው፣ ከጠባቡ ሃይስ በ28 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ወረዳችን መጥቶ ሲቆም አንዳንዴ ከኋላ የሚወርደው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው! በዚያው አቧራ ውስጥ አልፎት የመጣው ሚኒባስ ደግሞ ስንት ነበር የያዘው? የመኪናውን ጥራት አልናቅሁም፤ ለዚያ መንገድ የሚሆን መኪና ነው። የታሪፍ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ሰው ግን በዓመት አንዴ እንኳ የኋለኛው ረድፍ ላይ፣ ጆንያ ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ከደሴ መካነ ሰላም ቢሄድ ደስ ይለኛል። ደንቡ በሳምንት ይወጣ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የፌስቡክ ወሬ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል። ፎቶውን ከለጠፈው ልጅ አራት መኪኖችም ሁለቱ ኤሌክትሪክ ናቸው። ደግ ናቸው፣ አይነዝሩም፣ ሞተር ሥርህ አይግልም። ነገር ግን ባትሪው ወለሉ ውስጥ ስለሚነጠፍ ብዙዎቹ ላይ ወለሉ ከፍ ይላል፣ በተለይ ከኋላ የሚቀመጥ ረጅም ሰው ጉልበቱ ወደ ላይ ይነሳል። የኤሌክትሪኩ ጆንያ ባትሪው ነው ማለት ነው። ስለዚህ የምትገዙ ካላችሁ ፊት ተቀምጣችሁ ስክሪን አትነካኩ። ኋላ ግቡ፣ ጫማ አውልቃችሁ ሳይሆን ከነጫማችሁ፣ ጭናችሁ ወንበሩን መንካት አለመንካቱን እዩ። ኤሌክትሪክ ሚኒባስም አዲስ አበባ ላይ እየታየ ነው፣ አንድ ቀን ወደኛም ይመጣል። ሲመጣ ጣውላዋ ቀድማ ትጠብቀዋለች ብዬ እፈራለሁ።

ባጃጅን ዘልዬዋለሁ፤ 1.3 ሜትር ስፋት ነው፣ ከኋላ ለሦስት ሰው ነው የተሠራው፣ ሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው አራተኛ ሰው በአንድ መቀመጫው አየር ላይ ነው። ከዚህ በላይ ትንታኔ አያስፈልገውም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይሄ ነው። ብዙ አውሮፓ አገሮች የሚሠሩበት የተባበሩት መንግሥታት የአውቶቡስ ደንብ አለ፣ ቁጥር 107። ለአንድ ሰው መቀመጫ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ለረጅም ርቀት አውቶቡስ 45። ከወንበሩ መደገፊያ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ ቢያንስ 65፣ ለረጅም ርቀት 68። የአዋቂ ሰው ስንዝር 22 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ስንዝር 44 ሆነ። ሦስት ስንዝር 66። ሜትር መያዝ አያስፈልጋችሁም፣ መለኪያው እጃችሁ ላይ ነው፦ ሁለት ስንዝር ለወገብ፣ ሦስት ስንዝር ለጉልበት። መንገድ ትራንስፖርት ቦሎ ሲሰጥ ፍሬንና መብራት እንደሚያይ ሁሉ ይህንንም ይለካ። ያላሟላው መኪና አይከልከል፣ ወንበር ይቀንስ፣ ወይ ታሪፉ ይቀንስለት። ቁጥሩ ከበሩ አጠገብ በቀለም ይጻፍ። ጣውላና ዱካ ደግሞ ዋጋ አይኑራቸው፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳይከፍል ቢደረግ ጣውላዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ለማገዶ ይውላሉ።

ይህን ለሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ ላስገባ ነው። ባዶ እጄን ግን አልሄድም። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የቤት ሥራ አለባችሁ፤ ጡረታ ብወጣም ከዚህ አታመልጡም። በሚቀጥለው ጉዟችሁ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወንበራችሁን ሰንዝሩ። የመኪናውን ዓይነት፣ መስመሩን፣ የተቀመጣችሁበትን ረድፍ፣ የወገቡንና የጉልበቱን ስንዝር ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ታርጋ አትለጥፉ፣ የሰው ፊት አታንሱ፤ ሾፌሩም ረዳቱም የሰው ተቀጣሪ ናቸው፣ ጠባችን ከነሱ ጋር አይደለም። ረዳቱ «ምን እየሠራህ ነው?» ካለህ «ሒሳብ» በለው።

የተንታና የአጅባር ልጆች፣ በኛ በኩል ስለምታልፉ ሁለት ጊዜ ለኩ፣ ስትወርዱም ስትወጡም። የመካነ ሰላሞች፣ ከእናንተ ብዙ ነው የምጠብቀው። ከአቀስታ በፊት ለኩት፣ ከዚያ በኋላ ጆንያ ይጨመራል።